ሦስተኛው ጎማ፦ በሞተር ብስክሌት ላይ ሳይድካር ከመግጠም በፊት ባልና ሚስት ሊያውቁት የሚገባ

ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ትዳር ሲመሠርት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ብቻውን ሳለ ሁለት ጎማ በቂው ነበር። ባለቤቱ ስትጨመር ከኋላው ትቀመጣለች። ልጅ ሲወለድስ? መኪና ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ፣ ወይም ሰውየው ሞተሩን ከልቡ የሚወድ ከሆነ፣ ሐሳቡ ከጎን ወደሚገጠመው ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ፣ ማለትም ወደ ሳይድካር መሄዱ አይቀርም።

በአገራችን መንገድ ላይ በብዛት የምናየው ባለ ሦስት ጎማ ባጃጅ ነው። ሳይድካር ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ሞተር በሚወዱ ቤተሰቦች ዘንድ ዛሬም አለ፤ በፊሊፒንስም የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ አንዳንድ አንባቢያን በጎረቤታችሁ ግቢ አይታችሁት ይሆናል። ምናልባትም «እኛስ ብንገጥም?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል።

ውድ አንባቢያን፣ ሳይድካር ሲገጠም ሜትርና መፍቻ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ነጂው ነው። በዚያ ልክ ላይ ሕይወቱን የሚያኖረው ግን በጎን የሚቀመጠው ሰው ነው። በጎን የሚቀመጥ ሰው መሪ የለውም፤ ፍሬንም የለውም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለነጂው ብቻ የተጻፈ አይደለም። አብራችሁ እንድታነቡት፣ አንዳችሁ ስትለኩ ሌላችሁ የምትለኩት ነገር ምን እንደሆነ እንድታውቁ ነው።

ከየት መጣ?

ሳይድካር ከመምጣቱ በፊት ሞተር ነጂዎች ተሳፋሪ የሚያደርሱባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ከኋላ የሚጎተት ጋሪ ሲሆን፣ ተሳፋሪው የሞተሩን ጭስና የመንገዱን አቧራ እየጠጣ ይጓዝ ነበር። ሁለተኛው ከነጂው ፊት የሚገጠም ወንበር ነው። በዚህኛው ደግሞ ሞተሩ ከምንም ነገር ጋር ቢጋጭ መጀመሪያ የሚመታው ተሳፋሪው ነው። በሁለቱም መንገድ መከራው የተሳፋሪው ነበር፤ ያ ተሳፋሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም እጮኛ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1903 ግራሃም የተባለ እንግሊዛዊ የጎን መቀመጫ የፈጠራ መብት አወጣ። የመጀመሪያዎቹ መቀመጫዎች እንደ ሰፌድና እንቅብ ሥራ ከተጠላለፈ ቀጭን እንጨት የተሠሩ ስለነበሩ መልካቸው በእርግጥም የቅርጫት ነበር። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል «ቅርጫት» እያልን እንጠራዋለን። እ.ኤ.አ. በ1912 በእንግሊዝ አገር ዋትሶኒያን የተባለው ታዋቂ የሳይድካር ሠሪ ሥራ ጀመረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሳይድካር የሠራተኛው ቤተሰብ መኪና ሆነ። አባት መሪውን ይይዛል፤ እናትና ልጆች በቅርጫቱ ውስጥ ይቀመጣሉ። የመኪና ባለቤቶችን የሚረዳው የእንግሊዝ አውቶሞቢል ማኅበር ሠራተኞችም ከ1920ዎቹ እስከ 1960ዎቹ መፍቻቸውን ጭነው የሚዞሩት በቢጫ ሳይድካር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሚኒ የተባለችው ትንሽ መኪና በአምስት መቶ ፓውንድ አካባቢ ለገበያ ስትቀርብ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጣራና አራት ጎማ ያላት መኪና ያን ያህል ስትረክስ ብዙ ቤተሰብ ሳይድካሩን ተወው።

ከፋብሪካው ጀምሮ ሳይድካር ተገጥሞለት የሚወጣ ሞተርም አለ። ከእነዚህ የታወቀው በሩሲያዋ ኢርቢት ከተማ በጦርነቱ ዘመን የጀርመኑን ቢ ኤም ደብሊው ሞተር አርአያ አድርጎ የተጀመረው ኡራል ነው። ከ2022 ጀምሮ መገጣጠሚያው ወደ ካዛኪስታን ተዛውሯል። በእንዲህ ያለ ሞተር ልኩን ፋብሪካው አውጥቶታል። ለብቻው ሊነዳ በተሠራ ሞተር ላይ ስትገጥሙ ግን መሐንዲሶቹ እናንተው ናችሁ።

ከባጃጅ በምን ይለያል?

ባጃጅም ሦስት ጎማ አለው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ባጃጅ አንዱ ጎማ ከፊት መካከል፣ ሁለቱ ከኋላ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ግራውና ቀኙ እኩል ነው። ሳይድካር ያለው ሞተር ግን ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ሦስተኛው ለብቻው በአንድ ጎን ነው። የሚገፋው ኃይል የሚወጣው ከሞተሩ የኋላ ጎማ ሲሆን፣ ቅርጫቱ ከጎን ተንጠልጥሎ የሚጎተት ክብደት ነው። ግራውና ቀኙ ፈጽሞ እኩል አይሆንም።

እንደ ኢትዮጵያ፣ እንደ አሜሪካና እንደ አብዛኛው አውሮፓ በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር ቅርጫቱ የሚገጠመው በቀኝ ነው። እንደ እንግሊዝ በግራ በሚነዳበት አገር በግራ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተሳፋሪው ከፊት ለፊት ከሚመጣው መኪና ርቆ ወደ መንገዱ ዳር እንዲሆን ነው። ከዚህ በታች የምንናገረው ቅርጫቱ በቀኝ እንደሆነ ቆጥረን ነው፤ በግራ ለሆነባችሁ ቀኙን በግራ ተርጉሙት።

አሁን የሚሆነውን ልብ በሉ። ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ወደፊት ሲል የቅርጫቱ ክብደት ወደኋላ ይቀራል፤ መሪውም ወደ ቀኝ ይጎተታል። ነዳጁን ሲለቅ ወይም በሞተሩ ብቻ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ቅርጫቱ ጉዞውን ሊቀጥል ስለሚፈልግ ሁሉም ነገር ወደ ግራ ይዞራል። በቀኝ በሚነዳበት አገር በግራ በኩል ያለው ምንድን ነው? ከፊት የሚመጣው መኪና ነው። ይህ የሳይድካር ባሕርይ በልክና በፍሬን ሊቀነስ ይችላል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

መታጠፉም እንዲሁ ነው። ሁለት ጎማ ያለው ሞተር ሲታጠፍ ያዘነብላል፤ ሳይድካር ያለው ግን ማዘንበል አይችልም፤ እንደ መኪና በመሪው ብቻ ይዞራል። ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ቅርጫቱ በኩል በፍጥነት ከታጠፈ ቅርጫቱ ከመሬት ይነሣል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ቅርጫቱ ጎማ ይሄዳል፤ ፍሬን ከተጨመረበት የሞተሩ የኋላ ጎማ ሊቀልል ይችላል።

በቁጥር እንየው። ሞተሩና ነጂው 270 ኪሎ፣ ባዶው ቅርጫት 80 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። የቅርጫቱ ክብደት መካከል ከሞተሩ መስመር 70 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ የጠቅላላው ክብደት መካከል ደግሞ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። በዚህ ስሌት 20 ሜትር ሬዲየስ ባለው የቀኝ መታጠፊያ ላይ ባዶው ቅርጫት መነሣት የሚጀምረው በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቀመጥበት ወደ 32 ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች እንደየሞተሩ ይለያያሉ። ትምህርታቸው ግን ለሁሉም ነው፤ አደጋው ከመንደር ውስጥ ፍጥነት ይጀምራል፤ ባዶ ቅርጫትም ሰው ከተቀመጠበት ይልቅ ቶሎ ይነሣል። «ብቻዬን ስለሆንኩ ግድ የለም» የሚል ነጂ ነገሩን ገልብጦ ተረድቶታል።

ሞተሩ ይችላል ወይ?

ግንብ ከመጀመሩ በፊት ተቀምጦ ወጪውን እንዳሰላው ሰው፣ ቅርጫቱን ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን መርምሩ። ለሳይድካር የሚመቸው ከክብ የብረት ቱቦ የተሠራና ሞተሩን ከሥር አቅፎ የሚይዝ አካል ያለው ሞተር ብስክሌት ነው። በእንዲህ ያለው ቱቦ ላይ ማሰሪያውን በመቆንጠጫ ማጥበቅ ይቻላል። ብዙዎቹ የዘመኑ ሞተሮች ግን አካላቸው የአሉሚኒየም ነው፤ ወይም ደግሞ ሞተሩ ራሱ የአካሉ ክፍል ሆኖ ሥር የሚያልፍ ቱቦ የላቸውም። ለእነዚህ ማሰሪያዎቹን የሚሸከም ተጨማሪ የብረት አካል በልኩ መሠራት አለበት። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

በቀጭኑ የሞተር ቱቦ ላይ ማሰሪያ በብየዳ መለጠፍ አደገኛ ነው። ብየዳው የነካው ቱቦ በሙቀቱ ይዳከማል፤ በንዝረትም ከጊዜ በኋላ ከብየዳው ጠርዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ ደግሞ ከቀለም ሥር ስለሚሆን ቶሎ አይታይም።

ሕጉንም ጠይቁ። በብዙ አገር ሳይድካር መግጠም የተሽከርካሪውን ዓይነት እንደ መለወጥ ይቆጠራል፤ ምርመራ፣ አዲስ ምዝገባ ወይም ሌላ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ኢንሹራንሱም ሳይነገረው የተገጠመ ሳይድካር አደጋ ቢደርስበት አልከፍልም ሊል ይችላል። ይህን ጥያቄ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት መጨረስ ይሻላል።

አራቱ ማሰሪያዎች

ቅርጫቱ የሚቀመጥበት የብረት አካል ከሞተሩ ጋር በአራት ቦታ ይታሰራል። ሁለቱ ከታች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ዋናውን ጉተታና ግፊት ይሸከማሉ። ሁለቱ ከላይ፣ አንዱ በሞተሩ አንገት አካባቢ አንዱ ከመቀመጫው ሥር ሆነው ሞተሩ እንዳይወድቅ ቀጥ አድርገው ይይዙታል። የላይኞቹ እንደ ብሎን እየዞሩ የሚረዝሙና የሚያጥሩ ዘንጎች ናቸው፤ ማስተካከያው በእነርሱ ነው።

የታችኞቹን በተቻለ መጠን አራርቁ። ሁለት ማሰሪያዎች ከተቀራረቡ ቅርጫቱ እንደ በር ማጠፊያ የመወዛወዝ ዕድል ያገኛል። ብሎኖቹ ጠንካራ ይሁኑ፤ ቢያንስ በራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተቀረጸባቸው ይሁኑ። ዳዶዎቹም በንዝረት የማይፈቱ፣ መቆለፊያ ያላቸው ይሁኑ። ከቤት ዕቃ የተረፈ ብሎን በዚህ ሥራ ቦታ የለውም።

አራቱ ልኮች

የሳይድካር ገጠማ ምስጢሩ ያለው በአራት ልኮች ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ደልዳላ ወለል ፈልጉ፤ ወለሉንም በውሃ ልክ አረጋግጡ። የሦስቱንም ጎማ ነፋስ ሙሉ። በሚለካበት ጊዜ ነጂው በሞተሩ ላይ ይቀመጥ፤ ቅርጫቱም ብዙ ጊዜ የሚሸከመውን ያህል ክብደት ይጫንበት። ባዶ ሲለካ የተስተካከለ ነገር ሰው ሲቀመጥበት ይዛባል።

አንደኛ፣ የቅርጫቱ ጎማ ምን ያህል ወደፊት ይቀድማል? የቅርጫቱ ጎማ መካከል ከሞተሩ የኋላ ጎማ መካከል ጋር እኩል አይሆንም፤ ትንሽ ወደፊት ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ልክ ካነሰ ወደ ግራ እየታጠፉ ፍሬን ሲይዙ መላው ነገር በአፍንጫው ወደ ቀኝ ሊደፋ ይችላል። ከበዛ ደግሞ መሪው ይከብዳል፤ ጎማውም እየተጎተተ ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ስፋቱ ምን ያህል ይሁን? ከሞተሩ ጎማዎች መስመር እስከ ቅርጫቱ ጎማ ያለው ርቀት በአብዛኛው ከ1.10 እስከ 1.30 ሜትር ነው። ሲሰፋ ቅርጫቱ ቶሎ አይነሣም፤ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የሚመጣው ጉተታ ግን ይብሳል። ሲጠብ ጉተታው ይቀላል፤ መነሣቱ ይፈጥናል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ የቅርጫቱ ጎማ ወዴት ያያል? ፍጹም ወደፊት ሳይሆን በጣም በትንሹ ወደ ሞተሩ መመልከት አለበት። እንግሊዞቹ «ቶ ኢን» ይሉታል። አለካኩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ቀጥ ያሉ ጣውላዎች ወይም የብረት ቱቦዎች ውሰዱ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ አንደኛውን ከሞተሩ ሁለት ጎማዎች ጎን አስጠጉ። የፊቱ ጎማ ከኋላው የቀጠነ ከሆነ የልዩነቱን ግማሽ በሚያህል ነገር ደግፉት። ሁለተኛውን ከቅርጫቱ ጎማ ጎን አስጠጉ። ከዚያም በሁለቱ ጣውላዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊት ጎማው ፊትና ከኋላ ጎማው ኋላ ለኩ። የፊተኛው ከኋለኛው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆን አለበት። የፊተኛው ከበለጠ ጎማው ወደ ውጭ እያየ ነው፤ ሞተሩ ያለማቋረጥ ወደ ቅርጫቱ ይጎተታል፤ መንገድም አይይዝም። ልዩነቱ ከልክ በላይ ከሆነ ደግሞ ጎማው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ውስጥ ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

አራተኛ፣ ሞተሩ ወዴት ያዘነብላል? ከቅርጫቱ ርቆ ወደ ውጭ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ያህል በጣም በትንሹ ያዘነብላል። ይህም የቅርጫቱን ጉተታና የመንገዱን ዳር ቁልቁለት ይቋቋማል። ቱምቢ ወይም ውሃ ልክ በመጠቀም በላይኞቹ ማሰሪያዎች ይስተካከላል። ሞተሩ ወደ ቅርጫቱ ካዘነበለ መሪው ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ይስባል፤ ነጂውም ትከሻው እስኪዝል ይታገላል።

ቅደም ተከተሉን አትርሱ። መጀመሪያ ወደፊት መቅደሙና ስፋቱ፣ ቀጥሎ የጎማው አመለካከት፣ በመጨረሻ ማዘንበሉ። ማዘንበሉን ስታስተካክሉ የጎማው አመለካከት ስለሚዛባ ተመልሳችሁ ለኩት። ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው።

ከዚያም በደልዳላና ጭር ባለ መንገድ ላይ በተለመደው ፍጥነት ንዱት። ወደ ቅርጫቱ የሚስብ ከሆነ የማዘንበሉን ልክ በጥቂቱ ጨምሩ፤ ወደ ሌላው ጎን ከሳበ ቀንሱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንም በወረቀት ጻፉ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

መሪው ለምን ይከብዳል?

ብዙዎች ገጥመው ከጨረሱ በኋላ «መሪው አልዞር አለኝ» ይላሉ። ምክንያቱ በፊት ጎማው አሠራር ላይ ነው። መሪው የሚዞርበት ዘንግ ወደ መሬት ቢቀጥል የሚያርፈው ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ፊት ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት፣ ለብቻው በሚነዳ ሞተር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ሞተሩ በራሱ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይረዳዋል። ሳይድካር ያለው ሞተር ግን የማይወድቅ ስለሆነ ያን ያህል አያስፈልገውም፤ ርቀቱ መሪውን ያከብደዋል እንጂ። ስለዚህ ርቀቱን ወደ ግማሽ ገደማ የሚቀንስ ሌላ ዓይነት የፊት ሹካ ይገጠማል። ቢ ኤም ደብሊው ከ1955 እስከ 1969 በሠራቸው ሞተሮች ላይ የፊት ሹካው ሁለት የመግጠሚያ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ አንዱ ለብቻ ለሚነዳ፣ ሌላው ለሳይድካር። ጉዳዩ ያን ጊዜም በፋብሪካ ደረጃ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

በዝግታ ሲነዳ መሪው ግራና ቀኝ ቢንቀጠቀጥ መሪውን የሚያረጋጋ አሞርዛተር ይገጠማል። ይሁን እንጂ መንቀጥቀጡ ከላላ ብሎን ወይም ካለቀ የአንገት ኩሽኔታ የመጣ እንዳይሆን አስቀድማችሁ መርምሩ። አሞርዛተር በሽታውን ሊሸፍን ይችላል፤ አያድነውም።

ፍሬን፣ ሞላ፣ ጎማና መብራት

ሞተሩ የሚጎትተው ክብደት ሲጨምር የሚያቆመውም ኃይል መጨመር አለበት። ከባድ ቅርጫት የራሱ ፍሬን ቢኖረው ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ የመዞሩ ነገር በብዙ ይቀንሳል። የኋላው ሞላና አሞርዛተርም ጠንከር ባለ መለወጥ አለበት። ለጎማ፣ ማዘንበል ስለሌለ ክብ ደረት ያለው የሞተር ጎማ መካከሉ ብቻ ያልቃል፤ ስለዚህ ደረቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ለሳይድካር የተሠራ ጎማ ይመረጣል። አነስተኛ ጉልበት ያለው ሞተር ዳገት ላይ እንዳይቸገር ደግሞ ካቴናውን የሚያዞረው የፊተኛው ጥርስ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ በሚያንስ ይለወጣል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ይጨምራል።

መብራቱን እንደ ጌጥ አትዩት። በማታ ከፊት የሚመጣ ሾፌር አንድ መብራት ብቻ ካየ «ሞተር ነው» ብሎ ጠርዙን ተጠግቶ ሊያልፍ ይችላል። ቅርጫቱ ከውጭ ጠርዙ ላይ ከፊትና ከኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ ያስፈልገዋል። ገመዱም የራሱ ፊውዝ ይኑረው።

ከሰው በፊት አሸዋ

ሥራው ተጠናቀቀ፤ ቀለሙም ደረቀ። ልጆቹ «መቼ ነው የምንሄደው?» እያሉ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በቅርጫቱ ውስጥ መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት አሸዋ ነው። ከ40 እስከ 50 ኪሎ የሚሆን አሸዋ በጆንያ ተሞልቶ፣ እንዳይንሸራተት ታስሮ ይቀመጥ።

ነጂው ለብዙ ዓመት ሞተር የነዳ ቢሆንም እንኳ አዲስ ተማሪ ነው። እንዲያውም ልምዱ መጀመሪያ ላይ ያሳስተዋል፤ ሰውነቱ ማዘንበልን ስለለመደ ይህኛው ግን አያዘነብልም። ባዶ ሜዳ ፈልጎ በዝግታ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ይዙር። ፍሬን ይዞ ወዴት እንደሚዞር ይወቅ። ከዚያም በጥንቃቄ ቅርጫቱ መነሣት ሲጀምር ምን እንደሚሰማው ይልመድ፤ ሲነሣም ሳይደነግጥ መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራ መመለስና ነዳጁን ቀስ አድርጎ መቀነስ ይማር። በድንጋጤ ፍሬን መያዝ የሚገለብጥ ነገር ነው። አሠልጣኝ በሚገኝበት አገር ለአንድ ሁለት ቀን መክፈል ከማንኛውም ጌጣጌጥ ይበልጣል።

የመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ። አዲስ የታሰረ ነገር ይላላል። ከዚያ በኋላ ዘይት በተለወጠ ቁጥር ይታይ። በዳዶውና በብረቱ ላይ አንድ የቀለም መስመር ብትሰምሩ፣ መስመሩ ከተዛባ ዳዶው እንደዞረ በዓይን ብቻ ይታወቃል። ይህን መስመር መመልከት ለባለሙያ ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም፤ በቅርጫቱ የሚቀመጠው ሰው ከመግባቱ በፊት አራቱንም መስመሮች በግማሽ ደቂቃ ማየት ይችላል።

በቅርጫቱ ለሚቀመጠው ሰው

በእንግሊዝ ሕግ በሳይድካር ውስጥ የሚቀመጥ ተሳፋሪ ሄልሜት የማድረግ ግዴታ የለበትም። ሕጉ አያስገድድም ማለት ግን ጭንቅላት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። አድርጉት። ለልጅ ደግሞ በልኩ የተሠራ ይሁን፤ የሰፋ ሄልሜት በሚያስፈልግበት ሰዓት ይወልቃል። ቀበቶ ከተገጠመ ማሰሪያው ከቅርጫቱ ቀጭን ልባስ ላይ ሳይሆን ከሥር ካለው የብረት አካል ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ልጅ ብቻውን ተቀምጦ መጓዝ የሚችለው ተቀመጥ ሲባል የሚቀመጥ ሲሆን ነው። ጭነት ካለ ከባዱ ከታችና ወደ ጎማው ይሁን።

ተሳፋሪው ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃም አይደለም። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱን ወደ ውጭ ጣል ቢያደርግ ቅርጫቱ እንዳይነሣ ይረዳል። አዲስ ድምፅ፣ አዲስ ንዝረት ወይም አዲስ መወዛወዝ መጀመሪያ የሚሰማው በቅርጫቱ ላለው ነው፤ ነጂው በሄልሜትና በነፋስ መካከል ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የምትግባቡበት ምልክት ይኑራችሁ። እጅ ሲነሣ ነጂው ዳር ይዞ ይቆማል፤ ለምን አስቆምሽኝ ብሎ አይከራከርም። በኋላ ምንም ያልነበረ ቢሆን እንኳ የጠፋው አምስት ደቂቃ ነው።

እህቶች ሆይ፣ «እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ?» አትበሉ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤

1. ማሰሪያዎቹ ስንት ናቸው? በብሎን ናቸው ወይስ በሞተሩ ቱቦ ላይ ተበይደዋል?
2. የቅርጫቱ ጎማ ከሞተሩ የኋላ ጎማ ስንት ሳንቲ ሜትር ይቀድማል?
3. ልኩ የተወሰደው ሰው ተቀምጦበት ነው ወይስ ባዶውን?
4. ፍሬን ሲያዝ ወዴት ይዞራል? ምን ያህል?
5. ኢንሹራንሱና መንገድ ትራንስፖርት ያውቃሉ?
6. ከአሸዋ ጋር ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳ?

ወንድሞችም፣ ይህ ጥያቄ ሲመጣባችሁ እንደ አለመታመን አትቁጠሩት። መልሱን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ አሳዩአት። መልስ የሌላችሁ ጥያቄ ካለ እርሱ ሥራው አለመጠናቀቁን የሚነግራችሁ ነው፤ ከመንገዱ ይልቅ ባለቤታችሁ ብትነግራችሁ ይሻላል።

ለስድስቱም ጥያቄ መልስ ሲገኝ አሸዋው ይውረድ። የመጀመሪያው ጉዞ አጭር፣ ፀሐይ ባለበትና መኪና በሚያንስበት ሰዓት ይሁን። ትልቁ ተሳፋሪ ይቅደም፤ ልጆቹ ተራቸውን ይጠብቁ። ደርሳችሁ ስትመለሱ ሜትሩን አውጥታችሁ አራቱን ልኮች እንደገና ለኩ። በመጀመሪያ ከጻፋችሁት ጋር እኩል ከሆኑ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትንሽ ራቅ ብላችሁ መሄድ ትችላላችሁ።